ከገመዱ ማዶ

በዚያ ዘመን ተላላፊ ሕመም የያዘው ሰው ሕመሙ ገና ሳይጀምረው፣ ሁሉም የሚያስረው የእጅ አምባር ቢጫ ይሆንበታል። አምባሩ ቢጫ የሆነበት ሰው፣ ድግሱ ሜዳ ላይ ቢሆንም እንኳ፣ ሕመም ያለበትን ከሌላው ሰው ለመለየት ከሚዘረጋው ገመድ አያልፍም። የወይዘሮ አሰገደች አምባር ቢጫ የሆነው በልጃቸው ሰርግ ጠዋት ነበር።

«እጅጌሽን ሳብ አድርጊው፣ ማን ያይሻል?» አሏቸው ጎረቤታቸው ወይዘሮ በላይነሽ።

«የሙሽራው አያት አጠገቤ ነው የሚቀመጡት። በሰርጓ ማግስት ለቅሶ ልድረስ?» ብለው ከገመዱ ማዶ ቆሙ።

ጉልበት መሳሚያው ሲደርስ ልጃቸው ሶሊያና የእናቷን ባዶ ወንበር አየች። ቬሎዋን ሰብስባ ሜዳውን አቋርጣ መጣች። ገመዱን እንዳታልፍ ብለው እናት ሰጉ። ሙሽራዋ ግን ገመዱ ጋ ቆመች፤ ተንበርክካም ሣሩን ሳመች።

«ጉልበትሽ ነው፣ እማዬ» አለች።

ወይዘሮ አሰገደች ቀና ብለው፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። ከገመዱ ወዲያ የሚያለቅሱትን ጎረቤታቸውንም፣ «ምን ያስለቅስሻል? እኔ ነኝ ያሳደግኋት» አሏቸው።