የወፍ በሽታ

ወይዘሮ አፀደ የልጅ ልጃቸውን የአባይነሽን ክንድ ጨምድደው ይዘው አለቅም አሉ። የጮሌ ወረዳና የአቦምሳ ከተማ ሯጮች በኖራ በተሰመረው መነሻ ላይ ተደርድረዋል። አዲስ አበባ ሄዳ ለአርሲ ክፍለ ሀገር የምትሮጠው ዛሬ አንደኛ የምትወጣው ብቻ ናት።

«እማማ፣ ይልቀቁኝ እንጂ! ሊነፋ ነው!»

«በሽተኛ አይሮጥም! ጓድ አሰልጣኝ፣ ይቺን ልጅ የወፍ በሽታ ይዟታል!»

አሰልጣኙ ከዲሮ ፊሽካውን ከአፉ አወጣ። «አኮ፣ ሐኪም ነው ያለው?» ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ ራሱ አያት በኦሮምኛ ነው የሚጠራቸው።

«የምን ሐኪም? ዓይኔ ነው ያየው! ጠዋት ፖፖዋን ልደፋ ብል፣ እርድ የተበጠበጠበት ነው የሚመስል!»

ሯጮቹ በሳቅ ፈነዱ። አባይነሽ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከዲሮ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ ዝቅ አድርጎ አየ። ነጩ እንደ ወተት ነው። «የሰጠሁሽን ቫይታሚን ስንት ዋጥሽ?»

«ሦስት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ጉንፋን እንዳይዘኝ ብዬ።»

«አንድ አይደል ያልኩሽ? አኮ፣ በሽታ አይደለም። ክኒኑ ራሱ ቢጫ ነው። ገላዋ የሚበቃውን ወስዶ ትርፉን አፈሰሰው።»

ወይዘሮ አፀደ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያ ሁለቱን ለፖፖው ነው ያበላችው?»

«እንደዚያ በሉት።»

«በሶ በማር በጥብጬ ስሰጣት ጠገብኩ የምትል ልጅ! እዩልኝ!» እጃቸው ላላ፤ ግን ወዲያው መልሰው ጠበቅ አደረጉት። «ከካልሲሽ የወሸቅኩልሽን ነጭ ሽንኩርት ጥለሽው እንዳይሆን። ከዲሮ፣ አንድ ነገር ብትሆን አንተን ነው የምይዘው!»

ፊሽካው ተነፋ።

በመጨረሻው ዙር አባይነሽ ፊት ወጣች፤ የአቦምሳዋ ልጅ ተረከዝ ተረከዟን እየተከተለች ነው። ወይዘሮ አፀደ ዓይናቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«ኧረ ወፍ ናት!» አለ አጠገባቸው የቆመው ጎረቤታቸው አስናቀ።

«ወፍ?» ክው አሉ። «ያዛት?»

«ማን ሊይዛት! ይዩዋት እንጂ!»

ነጠላውን ገለጡ። ከዚያ ያንኑ ነጠላ እያውለበለቡ በሜዳው ዳር ሮጡ። «አልያዛትም! ምንም አልያዛትም!»

አባይነሽ ክሩን በደረቷ ስትበጥስ፣ ከካልሲዋ አንዲት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ዘላ ወጥታ፣ ከኋላዋ አቧራው ላይ ተንከባለለች።