ሽማግሌው የመለሱት ሽጉጥ

"እርቁን እሺ ብያለሁ ጋሼ... ሽጉጡን ግን እንዳይሰጡት። በፈጣሪ ይዤዎታለሁ!"

ይህን ያለችው ዕፀ ሕይወት ናት።

አቶ ወልዴ ግን ፈገግ አሉ። "ምን ሆነሻል ልጄ? እኔ እያለሁ?"

አቶ ወልዴ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ጋርላንድ ከተማ ውስጥ "እሳቸው የገቡበት ጠብ ፍርድ ቤት አይደርስም" የሚባልላቸው ሽማግሌ ናቸው።

ይሄኛው ግን ቀድሟቸው ደርሶ ነበር...

ባሏ ታዲዮስ ሽጉጥ ደግኖባት ፖሊስ ጠራች። ዳኛውም አጠገቧ እንዳይደርስ፣ መሳሪያም እንዳይይዝ አዘዙ።

ሽጉጡን አቶ ወልዴ ተረክበው ቁም ሳጥናቸው ውስጥ ቆለፉበት። እሷም ልጇን ናኦሚን ይዛ አርሊንግተን ከተማ እህቷ ጋ ገባች።

ከዚያ ሽምግልናው ተጀመረ።

"ገመናችሁን ለፈረንጅ ዳኛ ምን አሰጣችሁ? ወንድ ልጅ ተናዶ ስንት ይላል! ሂጂና ትዕዛዙን አስነሺ።"

"ጋሼ፣ እፈራዋለሁ እኮ!"

"በዚህ ሽበቴ እግርሽ ላይ ልውደቅ?" ብለው ከወንበራቸው ተነሱ።

እንግዲህ ሽማግሌ እግሯ ላይ ሲወድቅ ቆማ የምታይ የማን ልጅ ናት? አፈረች... የሽጉጡን ነገር ብቻ አደራ ብላ፣ ሄዳ አስነሳችው።

ቅዳሜ ታዲዮስ አቶ ወልዴ ቤት መጣ። ጉልበታቸውን ስሞ ተቀመጠ።

"ጋሼ፣ ማለቴ... ታርቀናል አይደል? ሶ፣ ዕቃዬን ይስጡኝ። ወይስ እርስዎም አላመኑኝም?"

ቃላቸው ትዝ አላቸው። እምቢ ሊሉ አሰቡ... ግን ራሳቸው ያስታረቁትን ሰው "አላምንህም" ይበሉት? ይሉኝታ አፋቸውን ያዘው።

በፎጣ ጠቅልለው ሰጡት።

"አደራ" አሉት።

"ኧረ ጋሼ!" ብሎ ሳቀ።

ሳቁ ደስ አላላቸውም። ግን ለማንም አልተናገሩም።

እሁድ ስልካቸው ጠራ። ዕፀ ሕይወት ናት።

"ጋሼ፣ ዕቃዬን መኪና ላይ እየጫንኩ ነው፤ ወደ ቤቴ ልመለስ ነው። ያ ነገር አሁንም እርስዎ ጋ ነው አይደል?"

ወገኖቼ... እዚህ ጋ "የለም፣ ወስዶታል" ብትባል ኖሮ ዕቃዋን መልሳ ታወርድ ነበር! ይሄን ስጽፍ ራሱ ያንገበግበኛል።

"አይዞሽ ልጄ፣ ግቢ" አሏት።

ገባች...

ረቡዕ ከሰዓት ጎረቤቶቿ የተኩሱን ድምፅ ርችት መስሏቸው ነበር። ናኦሚ ቦርሳዋን አዝላ ትምህርት ቤት በር ላይ እናቷን ስትጠብቅ ዋለች።

እናቷ አልመጣችም።

ታዲዮስ ታሰረ። አቶ ወልዴም ማንም ሳይጠራቸው ፖሊስ ጣቢያ ሄዱ።

"ሽጉጡን የሰጠሁት እኔ ነኝ። እሰሩኝ።"

መርማሪው ኮምፒውተሩን አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ልናስርዎ አንችልም። ሽጉጡ የራሱ ነው። የዳኛው ትዕዛዝ ባይነሳ ኖሮ፣ እያወቁ ለእሱ መስጠትዎ ወንጀል ይሆን ነበር። ግን ተነስቷል።"

ከዚያ ቀና ብሎ አያቸው።

"ያልገባኝ ነገር... እንደዚያ እየፈራችው፣ ማነው አስነሺ ያላት?"

አቶ ወልዴ ሁለት እጃቸውን ለካቴና ዘረጉለት።

"ሕግ አልጣሱም። ወደ ቤትዎ መሄድ ይችላሉ።"

ሄዱ። በማግስቱ ናኦሚን ሊያዩ አርሊንግተን ወረዱ... እህትየው በመስኮት አይታ በሩን ሳትከፍትላቸው ቀረች።

እርቅ የተባረከ ነገር ነው፣ ማንም አይክድም። ግን አንዲት ሴት "እፈራዋለሁ" ስትል በሽበታችሁ አታስፈራሯት፤ እመኗት! ይሉኝታ ጥይት አይመልስም።

ሕጉ አቶ ወልዴን "ነጻ ነዎት" ብሏቸዋል። እናንተስ ናኦሚ ፊት ቆማችሁ እንደዚያ ትሏቸዋላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ...