ሰው የተወው መንገድ

በ1971 ዓ.ም. መካነ ሰላም ጤና ረዳት ሆኜ ስሠራ፣ ለክትባት ዙር ብስክሌት ተሰጠኝ። መንዳት ገና መልመዴ ነበር። በገበያው በኩል ስሄድ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኛል፣ አህያው ይገባብኛል። ስለዚህ ከባሕር ዛፉ ጀርባ የሚያልፈውን ጭር ያለ መንገድ መረጥኩ። ከዓመት በፊት ጀምሮ ሰው ትቶት ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ጠዋት ጠዋት እዚያ የማገኘው ከከላላ በበቅሎ የሚመጡትን ጋሽ አራጌን ብቻ ነበር። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ከበቅሏቸው ይወርዱና ዳር ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ። በቅሎዋ እንዳትደነብር ነው እያልኩ አፍር ነበር። አልፌያቸው ዞር ብዬ ይቅርታ እንዳልል፣ ወደ ኋላ ካየሁ እወድቃለሁ።

አንድ ቀን አጠገባቸው ስደርስ ፍሬን ይዤ ወረድኩ።

«ጋሽ አራጌ፣ ለእኔ ብለው አይውረዱ እንጂ። እኔ ወርጄ እየገፋሁት አልፋለሁ።»

«ወላሂ ላንቺ አይደለም ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቃሬዛ ሲያልፍ በቅሎ ላይ ይቀመጣል እንዴ?»

«የምን ቃሬዛ?»

ዓይናቸው ከትከሻዬ በላይ ወደ ኋላዬ ያያል። በቅሎዋም ጆሮዋን አቁማ ወደዚያው ታያለች።

«ምነው ቆምሽ? ሂጂ እንጂ» አሉኝ፣ «የተሸከሙት ሰዎች ደክሟቸዋል።»

ያን ጊዜ ከጀርባዬ፣ እንጨት ከትከሻ ወደ ትከሻ ሲዛወር ሰማሁ።