ልውውጡ

ሽማግሌው የአዲሱን ቤቱን ቁልፍ በኪሱ ይዞ መንገዱን ሲሻገር፣ የልጁ በር ላይ የጭነት መኪና ቆሞ ዕቃ ይጫናል። የእሱን ሳሎን በዕቃ ሊያሟሉለት መስሎት ደስ አለው። የጉለሌውን ሰፊ ግቢ ሰጥቶ ቦሌ ሩዋንዳ ያለችውን ትንሽ ቪላ በልውውጥ የወሰደው፣ ስንት ጊዜ ቀበሌ ደጅ ጠንቶ፣ ለዚህ ለልጁ በር ብሎ ነው። የቪላይቱ ፓርኬ ያበራል፣ የገላ መታጠቢያ ገንዳም አላት። ከሁሉ በላይ ደግሞ የልጅ ልጆቹ ጋ በእግር ይደረሳል። ጡረተኛ ሌላ ምን ይፈልጋል? ስለዚህ ማንም ሳይለምነው የጭነቱን ማሰሪያ ገመድ ጫፍ ይዞ ይስብ ጀመር።

«ምነው ይህን ሁሉ? እኔን አልጋና ወንበር ይበቃኛል» አለ።

ልጁ መኪናው ላይ እንደ ቆመ ሳቀ። «የእርስዎ አይደለም፣ አባባ። እኛ ነን የምንሄደው።»

«ወዴት?»

«ጉለሌ። ያ ቪላዋን የለወጠዎት ሰውዬ ከእርስዎ የወሰደውን ቤት ለእኛ ሰጥቶ የእኛን ወሰደ። ቀበሌም ፈቅዷል። ለልጆች ሰፊ ነው። ለእርስዎማ ትንሿ ትበቃዎታለች ብዬ መክሬዎት አልነበር?»

ምራቱ ጋቢና ገባች፤ ዞር ብላም አላየችው። የሽማግሌው ጉልበት እስከ ጉለሌ የአውቶቡስ ግፊያ እንደማይችል ሁሉም ያውቃሉ። ትንሹ የልጅ ልጁ ግን በመስኮት አንገቱን አወጣ።

«አባባ፣ ጉለሌ ዛፉ ላይ የሰቀሉልኝ ዥዋዥዌ አለ?»

«አለ» አለው ሽማግሌው፤ የትንሹ አልጋ መንገድ ላይ እንዳይወድቅም ቋጠሮውን ደግሞ አጠበቀው።