የቀረው ሻማ

ሻማው ደረጃው ላይ ነው፤ አልበራም። አማቼ ሴኮንዶ ግን ወይኑ ወደሚፈላበት ምድር ቤት ወርደዋል።

"አባባ!" እላለሁ ወደ ታች። "ሻማውን ረሱት እኮ!"

ጆሮዬን ወደ ታች አቀናለሁ፤ የሚሰማው የወይኑ መፍላት ብቻ ነው። ቅድም ሲወርዱ፣ ከቶስካና የመጣሁ ምራት ነኝና፣ እንደ ልማዳቸው በአገሬ ወይን እየነቆሩኝ ነበር። "እናንተ ቶስካናዎች፣ ወይናችሁ ለምሳ ይደርሳል! የኛ የላንጌ አገሩ ለልጅ ልጅ ነው!" ምነው አሁንም በነቆሩኝ።

ወይን ሲፈላ የሚወጣው ክፉ አየር አይታይም። ወለሉ ላይ ተኝቶ ሰው ይጠብቃል። እዚህ አገር ሻማ ሳይዝ የሚወርድ የለም፤ ሻማው ከጠፋ ሮጦ መውጣት ነው። እሳቸው የያዙት ግን ልጃቸው የገዛላቸውን የእጅ ባትሪ ነው። ባትሪ ደግሞ አየር ከፋ ብሎ አይጠፋም። ይኸው ይታየኛል፤ ወለሉ ላይ ወድቆ ግድግዳውን ያበራል።

ሻማውን ለኩሼ እወርዳለሁ። ጥቂት ደረጃ ሲቀረኝ ነበልባሉ ያንሳል፣ ያንሳል፣ እልም ይላል።

ሽቅብ ስሮጥ ከባሌ ከዴሊዮ ጋር እጋጫለሁ።

"ልቀቂኝ! አባቴ ነው!"

"አልለቅም!" ቀበቶውን በሁለት እጄ ይዣለሁ። "ሁለት ሬሳ ላወጣ ነው? ሻማው ጠፍቷል እኮ! በታች በኩል፣ በርሜል በሚገባበት በር!"

ቤቱን ዞረን ቁልቁል እንሮጣለን። ዴሊዮ ከውስጥ የተቀረቀረውን በር በመጥረቢያ ይለዋል። አፌ ላይ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ከማለት ሌላ ቃል የለም። በሩ ሲገነጠል የታመቀው አየር እንደ ውሃ በእግራችን ስር ወደ ቁልቁለቱ ይፈስሳል። ዴሊዮ ትንፋሹን ውጦ ይገባና አባቱን በብብታቸው ይዞ እየጎተተ ያወጣቸዋል።

ፊታቸው አመድ መስሏል። ደረታቸውን በእጄ ብዳብስም በወፍራሙ ልብሳቸው ላይ ምንም አይሰማኝም። ያንኑ ሻማ ለኩሼ ወደ አፋቸው አስጠጋለሁ። ነፋስ የለም። ነበልባሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ንቅንቅ አይልም።

ከዚያ ይጠፋል።

"ወይኔ አባባ!"

"ዝም በይ!" ይለኛል ዴሊዮ፣ እንባው እየወረደ። "አባዬ ነው! አባዬ ነው እፍ ያለው!"

አላምነውም። ሻማውን ከአፋቸው ሳላነሳ አተኩሬ አያለሁ። ከክሩ የምትወጣው ቀጭን ጭስ ከአፋቸው ወዲያ ትገፋለች። ወደ አፋቸው ትመለሳለች። እንደገና ትገፋለች።