ሰባት ሳምንት ሙሉ «ከበደኝ» ያለችው እህት

«አንሺው!»

«አልቻልኩም ወንድም ጋሼ... ከበደኝ።»

«ደብተሩ አምስት ጊዜ ይላል። አንቺ ሦስት ላይ ጣልሽው!»

ብረቱ ወለሉን ሲመታ ጂም ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ...

ልጅቷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ታለከልካለች። ታላቅ ወንድሟ አጠገቧ ቆሞ ይጽፋል።

ወንድሟ ፋርማሲስት ነው። ቀኑን ክኒን ሲቆጥር ይውልና ከሥራ ሲወጣ ደግሞ የእህቱን ብረት ይቆጥራል።

ስንት ኪሎ... ስንት ጊዜ... ስንት ደቂቃ እረፍት... አንድም አያመልጠውም። የጂሙ ሰው ስሙን ትቶ «ደብተሩ» ነው የሚለው።

ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው። ለክብደት ማንሳት ቡድን እንድትመረጥ ከእሷ በላይ የሚጓጓውም እሱ ነበር።

መስፈርቱ ሰባ ኪሎ ከራስ በላይ ማንሳት ነው።

ስልሳውን አምስት ጊዜ ታነሳ ስለነበር «ትንሽ ነው የቀረን» ይላት ነበር።

ከዚያ ግን አንድ ቀን በድንገት አምስቱ ሁለት ሆነ።

በስንት መከራ ሦስት ደረሰ... እዚያው ቆመ።

«እንቅልፍ አልተኛሽም?»

«ተኝቻለሁ።»

«ምሳ ዘለሻል?»

«በልቻለሁ እኮ! ብረቱ ራሱ ነው የከበደኝ።»

«ስልሳ ኪሎ ትናንትም ስልሳ ነው፣ ዛሬም ስልሳ ነው። ብረት አድሮ አይወፍርም!»

እዚያው ጂም ስፖርት የሚሠራ አንድ መካኒክ አለ። «ደመነፍስ» ይሉታል። ቆጥሮ አያውቅም፤ ሰውነቱ በቃኝ ሲለው ያቆማል፣ ደስ ሲለው ይጨምራል። ከደብተሩ ጋር ዓይንና ናጫ ናቸው።

«ልጅቷ ከበደኝ ካለች ከብዷታል። ስማት እንጂ ሰውዬ!» አለው አንድ ቀን።

«አንተ ስንት እንዳነሳህ እንኳ አታውቅም። ምን አግብቶህ?»

መካኒኩ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ሰባት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በየቀኑ ጭቅጭቅ... በየቀኑ «ሰንፈሻል»...

የቡድን ምርጫው ምዝገባ የመጨረሻ ቀን ደረሰ።

«በዚህ ቁጥር ብትሄጂ መሳቂያ ነው የምትሆኚው። አላስመዘግብሽም» አላት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ቀበቶዋን ፈታች። አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው። ወጣች... ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ «ሰላም» ከማለት በቀር አታናግረውም። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ሳህኑን ታነሳለች፣ በሯን ትዘጋለች።

እሱም ተናዷል። «ሁሉን ነገር ለእሷ ብዬ!» ይላል ለራሱ።

በወሩ የቀረውን ዕቃዋን ሊወስድ ወደ ጂሙ ሄደ።

በር ላይ የጂሙ ባለቤት ከአንድ አሮጌ ብረታ ብረት ገዢ ጋር ይነጋገራል። እህቱ ትሠራባቸው የነበሩት ሁለቱ ሰማያዊ ዲስኮች፣ ዘንጉ ጫፍና ጫፍ ላይ የሚገቡት ክብ ብረቶች፣ መሬት ላይ ተጋድመዋል። የአንዱ ብየዳ ተሰንጥቋል።

«ሃያና ሃያ... አርባ ኪሎ ናቸው። ተጽፎበታል፣ መመዘን አያስፈልግም» ይላል ባለቤቱ።

«እኔ ቀለም አልገዛም ጋሼ» አለ ሰውየው እየሳቀ። ሁለቱንም ሚዛኑ ላይ ሰቀላቸው።

ሚዛኑን አየ። ደግሞ አየ።

«ኧረ አርባ ሰባት ነው! ለራስህ ነው የምነግርህ።»

ፋርማሲስቱ ወደ ባለቤቱ ዞረ።

«እነዚህን ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«ብየዳ ቤት ነው ያሠራኋቸው። ሃያ ሃያ አድርግልኝ አልኩት፣ ሃያ ብሎ ጻፈበት። ማን መዘነው?»

ፋርማሲስቱ ደብተሩን አውጥቶ ወደ ኋላ ገለጠ።

ማክሰኞ። በራሱ እጅ ጽፎታል፦ «አዲሶቹ ሰማያዊ ዲስኮች ገቡ።» እዚያው መስመር ላይ... አምስት የነበረው ሁለት ሆኗል።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ዓይኑ ሥር ነበር!

እህቱ ስልሳ ኪሎ አቅቷት አልነበረም። ከሃያ ኪሎው ዘንግ ጋር ስልሳ ሰባት ኪሎ ሦስት ጊዜ እያነሳች ነበር። ሰነፍ ሲላት በሕይወቷ ከምንጊዜውም በላይ ጠንክራ ነበር... ስልሳ ሰባትን ሦስቴ ያነሳ ሰው ሰባን አንዴ አያቅተውም።

መካኒኩ ከጀርባው መጥቶ ደብተሩን አየ።

«እኔም ሰማያዊዎቹ ከበዱኝና ሌላ አነሳሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ...»



ቤት ሲደርስ እህቱ ልብስ ትተኩሳለች። እንደቆመ ነገራት። ሚዛኑን... ማክሰኞን... ሁሉንም።

ካውያውን አቆመች።

«ነግሬህ ነበር እኮ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «በየቀኑ ነው የነገርኩህ። ወረቀት ጠየቅህ እንጂ እኔን አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ።»

«አደርጋለሁ... ዛሬ ግን አይደለም።»

የምርጫው ዝርዝር ተዘግቷል። የሚቀጥለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ሌላ ጂም ገብታ ብቻዋን ጀመረች። እሱ አሁን አይከተላትም፤ ስትመለስ «እንዴት ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። አንዳንድ ቀን ትመልስለታለች።

ወዳጆቼ... መቁጠር ጥፋት የለውም። ያ ደብተር ባይኖር የትኛው ቀን እንደተበላሸ ማንም አያውቅም ነበር። ጥፋቱ የተጻፈውን አምኖ የሚያነሳውን ሰው አለማመን ነው። የምትወዱት ሰው «ከበደኝ» ሲላችሁ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ሸክሙን መዝኑት።

እናንተስ... «ከበደኝ» ብላችሁ ሰሚ ያጣችሁበት ጊዜ አለ? ወይስ የማትሰሙት እናንተ ነበራችሁ? እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።