ከታች ቤት ያሉት ጎረቤት

ፍሬሕይወት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስት ጓደኞቿን በተከራየችው ኮንዶሚኒየም ሰብስባ ትጫወታለች። እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዙና፣ ታሪኩን እዚያው እየፈጠሩ በካራኦኬ ይዘፍኑታል። ፍሬሕይወት ንግሥት ናት፤ ናሆም ደግሞ ጥሏት የኮበለለው ባሏ፣ ንጉሡ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ንጉሡ ተመልሶ እግሯ ላይ ወደቀ። ንግሥቲቱ ቤቱ እስኪናጋ ድረስ እየዘፈነች ይቅር ስትለው በሩ ተንኳኳ። ሲከፍቱት ከታች ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ መምህርት፣ እትዬ ደብሪቱ፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል። አከራይዋ “አንድ ስሞታ ብሰማ ትለቂያለሽ” ብሏት ነበርና ፍሬሕይወት በድንጋጤ ማይኩን ከኋላዋ ደበቀች።

“በጣም ይቅርታ እትዬ፣ አሁኑኑ እንዘጋዋለን!”

“ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሳይቀረኝ ሰምቻለሁ” አሉ እትዬ ደብሪቱ። “ዘውድሽን ይዞ ከደንገጡርሽ ጋር የጠፋ ሰውዬ በአንድ ዘፈን ይቅር ይባላል? እንዴት ያለሽ ሞኝ ነሽ!”

ናሆም ከተንበረከከበት ሳይነሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። እሳቸው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አደግድገው ገቡና ማይኩን ከፍሬሕይወት እጅ ወሰዱ።

“በሉ ሙዚቃውን ልቀቁት፤ የንግሥቲቱ እናት መጥታለች።”